በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የሚያቁር ውሃ፦ መንስኤው፣ ጉዳቱና መፍትሔው

በመዲናት ሱልጣን ቃቡስም ሆነ በሌሎች የሙስካት ሰፈሮች የሚገኙ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ አላቸው። ዝናቡ ካባራ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላም በእነዚህ ጣሪያዎች ላይ ያቆረ ውሃ ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎች «ፀሐይ ታደርቀዋለች» ብለው ይተዉታል። ፀሐይ ከላይ የሚታየውን ውሃ ማድረቋ እርግጥ ነው፤ ወደ ሶሌታው የሰረገው እርጥበት ግን ሥራውን ይቀጥላል። የጣሪያ ውሃ ለምን እንደሚያቁር፣ እንዴት እንደሚመረመርና በምን እንደሚታረም ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል።

ዝናብ በማይበዛበት አገር ጣሪያ ለምን ያፈሳል?

በሙስካት በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ቆርቆሮው አጋድሎ፣ አሸንዳ ተበጅቶለት የሚሠራው ለዚህ ነው። በሙስካት ግን ጣሪያው የውሃ ታንከር፣ የአየር ማቀዝቀዣና የዲሽ ማስቀመጫ፣ የልብስ ማስጫም ጭምር ነው።

ችግሩ ያ ጥቂት ዝናብ አንዳንድ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠቅልሎ መውረዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 የደረሰው ጎኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ሙስካትን በጎርፍ አጥለቅልቋል። በጥቅምት 2021 ሻሂን ሲመታ በሰሜን አል-ባጢና ጠረፍ በአንድ ቀን ገደማ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የተመዘገበበት ቦታ ነበር። በሚያዝያ 2024 የጣለው ዝናብም ተማሪዎችን ጨምሮ የበርካታ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈ ጎርፍ አስከትሏል። ለወራት ያለ ሥራ የቆየና አቧራ የሞላው የጣሪያ ውሃ መውረጃ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የክብደቱን ነገር በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ሲያርፍ 1 ሊትር፣ ማለትም 1 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ መውረጃው ተደፍኖ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢያቁር፣ የሚሸከመው 15 ቶን ነው። ይህም ባለ 1,000 ሊትር 15 ታንከሮችን ሞልቶ ከመኝታ ክፍል በላይ እንደመደርደር ነው።

ጉዳቱ

ክብደቱ የአንድ ቀን አደጋ ሲሆን፣ እርጥበቱ የዓመታት ጉዳት ነው። ውሃ በተሰነጠቀ ሽፋን በኩል ወደ ኮንክሪቱ ሲገባ ውስጡ ያለውን ፌሮ ያዝጋል። የዛገ ብረት ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ የኮርኒሱ ልስንም እየተፈረከሰ ይወድቃል። በባሕር ዳር ከተማ ጨዋማው አየር ይህን ያፋጥነዋል።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በሰው መኖሪያ አካባቢ በሚያቁር ጥቂት ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ በሞቃት አየር ከአንድ ሳምንት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ አዲስ ትንኝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴርና የሙስካት ማዘጋጃ ቤት በዋና ከተማዋ ይህችን ትንኝ ለማጥፋት ዘመቻ ማካሄዳቸው ይታወሳል።

ለምን ያቁራል?

«ጠፍጣፋ» የሚባለው ጣሪያ በትክክል ሲሠራ ፈጽሞ ጠፍጣፋ አይደለም። በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ውሃ የሚያቁረውም በአመዛኙ በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

• መውረጃው በአቧራ፣ በቅጠል፣ በፌስታል ወይም በወፍ ጎጆ ሲደፈን፤
• በሶሌታው ላይ የተነጠፈው ሲሚንቶ በቂ ተዳፋት ሳይሰጠው ሲቀር ወይም በጊዜ ብዛት ሲሰረጉድ፤
• በየጊዜው ሽፋን ላይ ሽፋን እየተደረበ የመውረጃው አፍ ከዙሪያው ከፍ ብሎ ሲገኝ፤
• የታንከርና የአየር ማቀዝቀዣ መደቦች ወይም ቱቦዎች የውሃውን መንገድ ሲዘጉ፤
• ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠብ ወይም ከታንከር ሞልቶ የሚፈስ ውሃ በደረቁ ወራት ጭምር አንድ ቦታ ሲጠራቀም።

የውሃን መንገድ ማስጠበቅ ለጥንቱ ግንበኛም ዐቢይ ጉዳይ ነበር። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት ጠቢባን ሰፊ የውሃ መውረጃ ቦዮችን ከዓለቱ ፈልፍለዋል። ቦዮቹ ለዘመናት በአፈር ተደፍነው መቆየታቸው ለሕንፃዎቹ መጎዳት ምክንያት ሆኗል። ውሃ መውጫ ሲያጣ ለዓለትም አይመለስም።

እንዴት ይመረመራል?

ዝናቡ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላም ውሃ ከታየ ጣሪያው እርማት ይሻል። የውሃውን ዳር በጠመኔ ማስመር፣ ጥልቀቱን በማስመሪያ መለካትና ቀኑ የሚታይ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ጥቂት ባልዲ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበቃል።

ጥገናው በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ መውረጃው ይጸዳል፤ ቱቦውም እስከ ታች ክፍት መሆኑ በውሃ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። አፉ ላይ ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ማድረግና በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ በቱቦ ወደ መውረጃው ይመራል።

ስርጉዱ ጥቂት ቦታ ከሆነ የላላው ሽፋን ተነሥቶ ጉድጓዱ በተስማሚ የጥገና ሲሚንቶ ይሞላል፤ ከዚያም ይሸፈናል። ጣሪያው በጠቅላላ ተዳፋት ከሌለው ግን ንጣፉ እንደገና በተዳፋት ተሠርቶ አዲስ የውሃ መከላከያ ሽፋን ሊነጠፍበት ይገባል። ሽፋኑ በጣሪያው ዙሪያ ባለው ግንብ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መያያዝ አለበት፤ ብዙው ፍሳሽ የሚጀምረው ከዚያ ማዕዘን ነውና። ዋናው መውረጃ ቢደፈን ውሃው የሚወጣበት የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በግንቡ ላይ ማበጀትም አስተማማኝ ዘዴ ነው። ሥራው ሲያልቅ መውረጃው ለጊዜው ተዘግቶ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈተናል። የፈተናው ውሃም ክብደት ስላለው ባለሙያ ሊቆጣጠረው ይገባል።

ሁለት ስሕተቶች መታረም አለባቸው። ተዳፋቱን ሳያስተካክሉ በላዩ ላይ ቀለምና ሬንጅ መቀባት ውሃውን ካለበት አያነቃንቀውም። መሐንዲስ ሳያማክሩ ሶሌታውን መብሳት ወይም ተጨማሪ ኮንክሪት መጫን ደግሞ የሕንፃውን አቅም ይጎዳል።

ለሠራተኞችና ለተከራዮች

በዝናብና በመብረቅ ሰዓት ጣሪያ ላይ መውጣት ለሕይወት ያሰጋል፤ በዚያ የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉና። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡30 በፀሐይ ሥር መሥራት በኦማን የተከለከለ በመሆኑ የጣሪያ ጥገናም ይህን ሰዓት ማክበር አለበት። ኮርኒስ ካበጠ ወይም ውሃ በመብራት መስመር በኩል ከወረደ ክፍሉን ለቆ መውጣት፣ በሰላም መድረስ ከተቻለም ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ መዝጋት ይገባል። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 9999 ነው።

ያዩትን ለአሠሪ ወይም ለቤት ባለቤት ቶሎ መናገር የሌሎችንም ሕይወት ይጠብቃል። በዐረብኛ ጣሪያ «ሰጥህ»፣ የጣሪያ ውሃ መውረጃ «ሚዛብ» ወይም በባሕረ ሰላጤው አነጋገር «መርዛም» ይባላል። «ፊ ማይ ዋቂፍ ዐላ ሰጥህ» ማለት «ጣሪያው ላይ ያቆረ ውሃ አለ» ማለት ሲሆን፣ «ፊ ተስሪብ ሚነ ሰጥህ» ደግሞ «ከጣሪያው ውሃ ያፈሳል» ማለት ነው። ፎቶውን አብሮ ማሳየት ንግግሩን ያጠናክራል።

የሙስካት ዝናብ በአብዛኛው የሚጥለው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ስለሆነ፣ መውረጃን ለመፈተሽ ጥቅምትና ኅዳር አመቺ ናቸው። በእነዚህ ወራት ለጽዳት የሚጠፋው የግማሽ ቀን ሥራ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ኋላ ከሚመጣው ብዙ ወጪ ያድናል።