ሻብሊ እና ሳንሴር፦ ከአንድ አለት የበቀሉ ሁለት ነጭ ወይን ጠጆች

በፈረንሳይ ከሚመረቱት ጣፋጭነት የሌላቸው ነጭ ወይን ጠጆች መካከል ሻብሊ እና ሳንሴር በዓለም ገበያ በስፋት የሚታወቁ ናቸው። በጠርሙሶቻቸው ላይ ጎልቶ የሚነበበው ግን የወይኑ ዝርያ ስም ሳይሆን የቦታ ስም ነው። ሻብሊ በሰሜን ቡርጎኝ በስሬን ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ሳንሴር ደግሞ በሎዋር ወንዝ አቅራቢያ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

ሁለቱም በሙያው አጠራር «ደረቅ» ከሚባሉት ወገን ይመደባሉ። ይህም በወይኑ ጭማቂ ውስጥ የነበረው ስኳር በመፍላት ሂደት ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል መለወጡን ያመለክታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ይህን ስያሜ የሚያገኘው በአንድ ሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ስኳር ያለው ወይን ጠጅ ሲሆን፣ አሲዱ ከፍተኛ በሆነ ጊዜ ጣሪያው እስከ 9 ግራም ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያመሳስላቸው የበቀሉበት ምድር ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢው ጥልቀት በሌለው ባሕር የተሸፈነ ነበር። በዚያ ዘመን የተከማቸው ኖራማ ሸክላ፣ ኦይስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ ጥቃቅን ቅሪተ ዛጎሎች በብዛት የያዘ ሲሆን፣ በሻብሊ ኮረብቶች ላይ በዓይን ይታያል። ይኸው የአለት ንብርብር በሳንሴር ምዕራባዊ ኮረብቶችም «ነጭ አፈር» በሚል ስያሜ ይገኛል። ሳንሴር ከዚህ ሌላ ጠጠር የበዛበት የኖራ መሬትና ባልጩታማ አፈር አላት። የዛጎሉ ጣዕም ወደ ጠርሙሱ ይገባል የሚለው የነጋዴዎች አነጋገር የተለመደ ቢሆንም፣ ማዕድኑ በቀጥታ ወደ ጣዕም ይለወጣል የሚለው አባባል በሳይንስ የተደገፈ አይደለም። የአፈሩ ድርሻ በዋነኛነት ውኃ በመያዝና በማሳለፍ፣ እንዲሁም የፍሬውን የመብሰል ፍጥነት በመወሰን የሚገለጽ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ዋነኛው መልስ የወይኑ ዝርያ ነው። ሻብሊ ከሻርዶኔ ብቻ፣ ነጩ ሳንሴር ደግሞ ከሶቪኞን ብላን ብቻ እንዲሠራ ሕጉ ያስገድዳል። ሶቪኞን ብላን ጎላ ያለ የራሱ መዓዛ ያለው ሲሆን፣ ጠርሙሱ ገና ሲከፈት የታጨደ ሣርና የሎሚ ዘር ሽታ ይሰጣል። ሻርዶኔ በአንጻሩ ለዘብ ያለ መዓዛ ስላለው የአየሩንና የአሠራሩን ጠባይ አጉልቶ ያሳያል። ቅዝቃዜ በሚበዛባት ሻብሊ የሚሰጠው ወይን ጠጅ የአረንጓዴ ፖም መዓዛ ያለውና በኮምጣጣነቱ የሚታወቅ ነው።

የአሠራሩም ስልት ይለያያል። በሻብሊ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው መፍላት በኋላ ጠንካራው አሲድ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ እንዲለወጥ ይደረጋል። በሳንሴር ብዙዎቹ አምራቾች ይህንን አይሹም፤ የፍሬው ትኩስ መዓዛ እንዳይደበዝዝ በማለት በብረት ጋን ውስጥ ቀዝቀዝ አድርገው ያቆዩታል። በዚህም ምክንያት ሳንሴር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጠጣ የሚመረጥ ሲሆን፣ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ሻብሊ ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ መቆየት ይችላል። በማዕድ ላይ ሻብሊ ከኦይስተር ጋር፣ ሳንሴር በአካባቢው ከሚሠራው የሻቪኞል የፍየል አይብ ጋር መቅረባቸው የቆየ ልማድ ነው።

ሁለቱም ስሞች አሁን ያላቸውን ክብር ያገኙት ያለ ችግር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር የሚያጠፋ ነፍሳት የወይን እርሻዎቹን አወደመ። ቀድሞ በቀይ ወይኗ ትታወቅ የነበረችው ሳንሴር ዛሬ የምትጠራበትን ሶቪኞን ብላን በስፋት የተከለችው ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። ሻብሊ በበኩሏ በነፍሳቱ፣ በባቡር ወደ ፓሪስ በሚጓጓዘው ርካሽ የደቡብ ወይን ጠጅና በሚያዝያ ውርጭ ተደራራቢ ጉዳት ስለደረሰባት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እርሻዋ ወደ 500 ሄክታር ገደማ ወርዶ ነበር። በኋላ ውርጭ መከላከያ ዘዴዎች ተስፋፉ። ከእነዚህ አንዱ በእንቡጡ ላይ ውኃ መርጨት ነው፤ ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት እንቡጡን ይጠብቀዋል። ዛሬ እርሻው ከ5 ሺህ ሄክታር በላይ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2021 የደረሰው ውርጭ ስጋቱ እንዳልተወገደ አሳይቷል።

ስሞቹን ያቆያቸው ሌላው ኃይል ሕግ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ1935 ባወጣችው ድንጋጌ የአመጣጥ ስያሜ ሥርዓትን የዘረጋች ሲሆን፣ ነጭ ሳንሴር በ1936፣ ሻብሊ ደግሞ በ1938 በዚሁ ሥርዓት እውቅና አግኝተዋል። ስያሜው የመሬቱን ወሰን፣ የተፈቀደውን ዝርያና በሄክታር ሊገኝ የሚገባውን የምርት ጣሪያ ይደነግጋል። ሻብሊ በአራት ደረጃዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከፍተኛው በአንድ ተዳፋት ላይ ለሚገኙ ሰባት ማሳዎች ብቻ የተሰጠ ነው። ሳንሴር ይህን የመሰለ ይፋዊ ደረጃ ስለሌላት ገዢው የአምራቹን ስም ከመመርመር ሌላ አማራጭ የለውም።

የአገር ውስጥ ሕግ ግን ከድንበር አይሻገርም። በአሜሪካ «ሻብሊ» የሚለው ስም ከፈረንሳይ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌላቸው፣ ብዙውን ጊዜ የሻርዶኔ ጠብታ ለሌለባቸው ርካሽ ወይን ጠጆች ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2006 በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ መካከል የተፈረመው ስምምነት አዳዲስ ተጠቃሚዎችን የከለከለ ቢሆንም፣ ቀድሞ የጀመሩትን አላስቆመም። ዘግይታ በውጭ አገር የታወቀችው ሳንሴር ከዚህ ዕጣ ድናለች።

የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም በአንቀጽ 23 ለወይን ጠጅና ለአልኮል መጠጦች የቦታ ስም፣ ለሌሎች ምርቶች ከሚሰጠው የላቀ ጥበቃ ያደርጋል። ቡና በዚህ ልዩ ጥበቃ አይሸፈንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት የመረጠችው መንገድ የአመጣጥ ስያሜ ሳይሆን የንግድ ምልክት ነበር። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተደረሰው የስሞቹ አጠቃቀም ስምምነትም በ2007 የተፈረመው በዚሁ መሠረት ነው።