ካርቱኑን የሚያስረግጡት እጆች

ልጆችዎ ካርቱን እያዩ ሳለ ለአንድ ደቂቃ ያህል ድምፁን አጥፉት። ሥዕሉ እንደቀድሞው ይንቀሳቀሳል። የሚሮጠው ልጅ ግን መሬት የረገጠ አይመስልም፤ የሚዘጋው በርም እንደ ወረቀት ይቀላል።

ሰዎች የሚተውኑበት ፊልም ሲቀረጽ ማይክሮፎኑ የእግር ኮቴውንና የበሩን ሲጥጥታ አብሮ ሊይዝ ይችላል። በአኒሜሽን ግን ከሥዕሉ የሚወጣ ድምፅ የለም። የምንሰማው ሁሉ ሰው አስቦ የሠራው ነው።

ከዚህ ሥራ አንዱ ክፍል «ፎሊ» ይባላል። ስሙ የመጣው በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ ከነበረው አሜሪካዊ ከጃክ ፎሊ ነው። ፊልም ድምፅ ማሰማት በጀመረበት በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፎሊ ምስሉን እያየ የተዋናዮቹን እርምጃ እግር በእግር እየተከተለ ያሰማ ነበር። የዛሬዎቹ ባለሙያዎችም ከስክሪን ፊት ቆመው ኮቴውን፣ የልብሱን መንሿሿትና በእጅ የሚነካውን ዕቃ ለየብቻ ይቀርጻሉ። እነዚህ ድምፆች ከንግግሩ ተለይተው ስለሚቀመጡ፣ አንድ ካርቱን ወደ አማርኛ ሲመለስ ንግግሩ ብቻ ይቀየራል፤ ኮቴው ባለበት ይቆያል።

የሚገርመው ነገር፣ ትክክለኛው ዕቃ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ድምፅ አይሰጥም። በበረዶ ላይ መራመድን ለማሰማት የበቆሎ ስታርች በቆዳ ከረጢት ሞልቶ መጭመቅ የታወቀ ዘዴ ነው። የወፍ ክንፍ የሚሠራው ጓንት በማርገብገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ዎል-ኢ» ፊልም የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ለትንሹ ሮቦት እንቅስቃሴ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ተጠቅሟል። ሮቦቱ ብዙ ቃል አይናገርም፤ ልጆች ግን ስሜቱን ከድምፁ ይረዱታል።

ይህን ጥበብ በአንድ የእሑድ ከሰዓት በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ትርፉም ቀላል አይደለም፤ ስክሪን ፊት ፈዞ የሚቀመጠው ልጅ ጆሮውን አቅንቶ የሚሠራ ይሆናል።

ከ30 ሰከንድ የማይበልጥ የካርቱን ክፍል ምረጡ። ድምፁን አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ እዩት፤ ልጆቹ ሊሰማ የሚገባውን ሁሉ በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ ወደ ኩሽና ግቡ። በሰፌድ ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ሩዝ ዝናብ ይሆናል። በቀስታ የሚጨመቅ ፌስታል እሳት ሲንጣጣ ያስመስላል። ተደፍተው ጠረጴዛ የሚመቱ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች ፈረስ ያስጋልባሉ። ካሮት ሲሰበርማ የጭራቁ አጥንት ነው!

ለቀረጻው ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሻላል፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ስልኩን ከዕቃው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና መቅዳት ጀምሩ። ምስሉ ሲጀምር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በኋላ ድምፁን ከምስሉ ጋር ስታገጣጥሙ ጭብጨባው ምልክት ይሆናችኋል። አንዱ ልጅ ኮቴውን፣ ሌላው ዕቃውን ይያዝ፤ አባት ወይም እናት ስልኩን ይጠብቁ።

መጀመሪያ ላይ ኮቴው ከእግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አትቆጡ፣ ድገሙት። ባለሙያዎቹም የሚደጋግሙት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅዎ ካርቱን ባየ ቁጥር «ይህንንስ በምን ሠሩት?» ብሎ ቢያስቸግርዎት አይግረምዎ።