የየቲም እናትና የሥራ ሰዓት



በሸሪዓ አገላለጽ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ብትኖርም የቲምነቱ አይቀርም። ስለሆነም ከብዙ የቲሞች ጀርባ ለልጆቿ ቀለብ ስትል ከቤት ወጥታ የምትሠራ እናት አለች። በእኛ በሳንጃም ሆነ በጎንደር ከተማ፣ በምግብ ቤት፣ በሱቅ ወይም በእህል መጋዘን ተቀጥራ የምትውል እናት፣ ልጇ በፈረቃ ተምሮ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ የሚቀበለው ሰው ላይኖር ይችላል። ሥራዋን ብትተው ገቢዋ ይቋረጣል፤ በሥራዋ ብትቆይ ልጁ ብቻውን ይውላል። በዚህ ጊዜ አሠሪዋ የሥራ ሰዓቷን እንዲያመቻችላት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በመረጠው ሰዓት እንዲሠራ አሠሪውን አያስገድድም። ይሁንና የመነጋገሪያ ቦታ ትቷል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለቀሩት ቀኖች ማከፋፈል ይፈቀዳል፤ በቀን የሚጨመረው ግን ከ2 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለምሳሌ ረቡዕ 4 ሰዓት ብቻ የተሠራ እንደሆነ፣ የቀረው 4 ሰዓት በሌሎች አራት ቀኖች አንዳንድ ሰዓት እየተጨመረ ይሟላል። ይህ ለሥራው ጥቅም ሲባል የተደነገገ ቢሆንም፣ ሰዓትን ማሸጋሸግ ለሕጉ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል። ልዩና ከባድ ችግር ሲያጋጥምም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ማግኘት ይቻላል። የቤተሰብ ኃላፊነትም ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ ስለማይሸፈኑ፣ ሲቀጠሩ ስለ ሰዓታቸው በግልጽ መስማማት ይኖርባቸዋል።

ጥያቄው እንዴት ይቅረብ? እናት አስቀድማ ሰዓት ሊለዋወጣት የሚችል ባልደረባ ታነጋግር። ከዚያም የምትፈልገውን ሰዓት፣ ምክንያቱንና የጎደለውን መቼ እንደምታሟላ በአጭር ማመልከቻ ትግለጽ። በመጀመሪያ ለአንድ ወር ሙከራ ብትጠይቅ ለአሠሪው አይከብደውም። ደመወዝ የሚነካ ነገር ካለ ስምምነቱ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ በሱረቱል በቀራህ የብድር ውል እንዲጻፍ መታዘዙን እናስታውስ።

ከእናንተ መካከል አሠሪ የሆናችሁ ወገኖች! ለየቲም የምትሰጡት ብርና ልብስ ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው። በሱቃችሁ የምትሠራው ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ለመቀበል አንድ ሰዓት ስትጠይቃችሁ፣ ያም ለየቲሙ የሚደረግ እንክብካቤ መሆኑን አትዘንጉ። ሥራችሁ ሳይጎድል ልጁ ጠባቂ ያገኛል፤ እናቱም በላቧ ታድራለች።

አላህ መልካሙን ሁሉ ያግራልን። አሚን።