ለሱሑር ቀስቅሱኝ የሚል ልጅ

በረመዳን ከአስር ሶላት በኋላ እናቶች የሚጠይቁኝ አብዛኛው ስለ ልጆች ነው። ሰሞኑን አንዲት እናት፣ «ሸይኻችን፣ የሰባት ዓመት ልጄ ለሱሑር ቀስቅሱኝ ይላል። ብቀሰቅሰው ይራብብኛል፣ ብተወው ጠዋት ያለቅሳል» አለችኝ። «ቀስቅሺው» አልኳት።

ጾም ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ግዴታ አይደለም። ሶሓቦች ግን ልጆቻቸውን ያለማምዱ ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) በዐሹራ ቀን ልጆቻቸውን ያስጾሙ እንደነበር፣ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስም ከበግ ፀጉር የተሠራ መጫወቻ ይሰጡት እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ አባቶች ከዚህ ሐዲስ ጾሙን ይይዙና መጫወቻውን ይረሱታል።

እኔም ረስቼው ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ዓመቱ ሳለ ጾሜያለሁ ብሎ ጓዳ ውስጥ ውኃ ሲጠጣ ያዝኩት። ታናናሾቹ ፊት «ውሸታም!» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲያ ወሩን ሙሉ «ጾሜያለሁ» እያለ ከረመ። በዒድ ዋዜማ እናቱ ቤት ስታጸዳ ከፍራሹ ሥር የደረቀ ዳቦ አገኘች። ያስተማርኩት ጾም ሳይሆን መደበቅ ነበር።

ለሁለተኛዋ ልጄ መንገዱን ቀየርኩ። ማታ ማታ «ነገ እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ?» እላታለሁ። እስከ ዙህር ካለች፣ ዙህር ላይ ምሳዋ ያለ ምንም ንግግር ይቀርብላታል። አንድ ቀን ራሷ ወደ አስር አሸጋገረችው። መግሪብ የደረሰችው በሦስተኛው ዓመት ነው። ካዞራት ወይም ከታመመች ግን ምርጫው የእሷ አይደለም፤ ታፈጥራለች።

በማዕድም ላይ እንዲሁ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገው ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ ልጅ ሳለ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይዞር ነበር። ነቢዩ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲያነሣ ነገሩት። ከዚያ በኋላ አበላሉ እንደዚያው እንደሆነ ራሱ አውርቷል። እኛ ግን ልጁ ለኢፍጣር ውኃ ሊያቀርብ ሲነሣ «ታፈሳለህ!» ብለን ጆጉን እንነጥቀዋለን። ግማሽ ሞልተን ብንሰጠውስ? ቢያፈስም መወልወያ አለ።

ያቺ እናት ትናንት ተመልሳ መጣች። ልጇ እስከ ስድስት ሰዓት ጾሞ፣ በልቶ፣ ተኝቷል። ማታ የስልኩን ደወል ራሱ ሞላ። ሲጮኽ ያልሰማችው እሷ ነበረች፤ ለሱሑር የቀሰቀሳት እሱ ነው።