ፕሉቶኒየም፦ አመራረቱ፣ አገልግሎቱና ሕጋዊ ቁጥጥሩ

ፕሉቶኒየም በተፈጥሮ የለም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ብቻ የሚገኝ፣ በመሠረቱ በሰው እጅ የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ለይተው ያወቁት በ1941 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ስድስት ኪሎ ግራም ያህሉ ናጋሳኪን አወደመ።

ዩራኒየም 238 በኑክሊየር ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን ሲውጥ፣ በኔፕቱኒየም በኩል አልፎ ወደ ፕሉቶኒየም 239 ይለወጣል። ስለሆነም በዩራኒየም የሚሠራ ማብላያ ሁሉ፣ ባለቤቱ ቢሻም ባይሻም፣ ፕሉቶኒየም ያፈራል። ይሁንና ብርቱ ጨረር ከሚረጨው ያገለገለ ነዳጅ በኬሚካል ዘዴ ካልተነጠለ ለቦምብ አይውልም። የቁጥጥሩ ወሳኝ በር ይህ የመነጠል ሥራ ነው።

የተነጠለው 239 ለቦምብም፣ ከዩራኒየም ጋር ተቀይጦ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ነዳጅነትም ያገለግላል። 238 የተባለው ዓይነት ደግሞ በሚሰጠው ሙቀት በ1977 ለመጠቁት የቮየጀር መንኮራኩሮች የኃይል ምንጭ ሆኗል።

በ1970 የጸናው የኑክሊየር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክል ውል፣ መሣሪያ የሌላቸው ፈራሚዎች የኑክሊየር ቁሳቸውን በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንዲያስመረምሩ ያስገድዳል እንጂ መነጠልን አይከለክልም። ህንድ ውሉን አልፈረመችም፤ ሆኖም ከካናዳ ያገኘችውን ማብላያ ለሰላማዊ ተግባር ብቻ ለማዋል ቃል ገብታ ነበር። በ1974 ከዚያው ማብላያ በተገኘ ፕሉቶኒየም ፍንዳታ አካሂዳ፣ ፍንዳታውንም «ሰላማዊ» አለችው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተሰጠ ቃል ቆጠራንና ምርመራን የማይተካ መሆኑ ነው።

ቆጠራም ቢሆን ወሰን አለው። ኤጀንሲው ለአንድ ቦምብ ሊበቃ ይችላል ብሎ የሚይዘው መጠን 8 ኪሎ ግራም ነው። በዓመት 8,000 ኪሎ ግራም የሚነጥል ፋብሪካ በልኬቱ አንድ በመቶ ቢሳሳት፣ የማይታወቀው 80 ኪሎ ግራም፣ ይኸውም የአሥር ቦምብ ስንቅ፣ ይሆናል።

ውሎችም ይፈርሳሉ። አሜሪካና ሩሲያ እያንዳንዳቸው 34 ቶን ትርፍ ፕሉቶኒየም ለማስወገድ በ2000 የተስማሙበትን ውል ሩሲያ በ2016 አግዳዋለች። የፕሉቶኒየም 239 ግማሹ ብቻ ለመክሰም ግን 24,000 ዓመት ይፈጃል። ከመንግሥታትም ሆነ ከውሎቻቸው የሚሰነብተውን ይህን ቁስ ለመቆጣጠር፣ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ሳያስፈልግ አለመነጠል ነው።