የአንዱ ክትባት ተጽዕኖ በሌላው ላይ፦ የየቲም አሳዳጊ ሊያውቀው የሚገባ



አላህ (ሱ.ወ.) የየቲም ገንዘብ ተጠብቆ ለባለቤቱ እንዲደርስ በቅዱስ ቁርኣን አጥብቆ አዟል። የገንዘቡ አማና ይህን ያህል ከከበደ፣ የጤናው አማና ምንኛ ይከብድ! በቢስቲማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የወረባቦ ቀበሌዎች ወላጁን ያጣ ሕፃን ወደ አያት ወይም ወደ አክስት ቤት ሲዛወር የክትባት ካርዱ ሊጠፋ፣ ቀጠሮውም ሊዘነጋ ይችላል። አዲሱ አሳዳጊም «በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ክትባት ሕፃኑን አይጎዳውምን? አንዱስ የሌላውን ኃይል አያዳክምምን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ክትባት አካልን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስ ጋር አስቀድሞ የሚያስተዋውቅ ትምህርት ነው። አካል ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፤ ትውስታም ይይዛል። ስለሆነም ቀጥሎ የሚሰጠው ክትባት የሚያገኘው ቀድሞ የተማረ አካልን ነው። ያ ትምህርት አዲሱን ክትባት ሊያግዘው፣ አንዳንድ ጊዜም ሊያደናቅፈው ይችላል።

ለመተጋገዝ የማጅራት ገትር ክትባት ጥሩ ምሳሌ ነው። የተሕዋሱ ሽፋን ከስኳር ዘር የተሠራ በመሆኑ ብቻውን ሲሰጥ የሕፃናትን አካል በሚገባ አያስተምርም። ስለዚህ ሊቃውንት ሽፋኑን ከመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ፕሮቲን ጋር አጣመሩት። ሜንአፍሪቫክ የተባለው ይህ ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ተሰጥቷል። በማሊ በተካሄደ የደም ምርመራ ከዘመቻው በኋላ መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላትም ከፍ ብለው ተገኝተዋል። በአንድ መርፌ ሁለት ጥቅም ተገኘ ማለት ነው።

መደናቀፍም አለ። ቀድሞ በአፍ ይሰጥ የነበረው የፖሊዮ ክትባት ሦስት ዓይነት የተዳከሙ ቫይረሶችን ይዞ ነበር። በአንጀት ውስጥ ዓይነት 2 በፍጥነት እየተራባ የዓይነት 1ንና የዓይነት 3ን ትምህርት ያዳክም ነበር። የዓይነት 2 የተፈጥሮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከክትባቱ የሚመነጨው ዓይነት 2 ደግሞ አልፎ አልፎ ልምሻ ያስከትል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ በመላው ዓለም ከመደበኛው የአፍ ክትባት እንዲወጣ ተደረገ። የዓይነት 2 መከላከያ በመርፌ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ውስጥ ይገኛል።

የአፍ ፖሊዮ ክትባት የመጀመሪያውን የሮታ ተቅማጥ ክትባት ምላሽም በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ቀጣዮቹ ክትባቶች ሲሟሉ ልዩነቱ ስለሚጠብ ሁለቱን በአንድ ቀን መስጠት ይመከራል። ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያውን ብቻ አስከትቦ መቅረት ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው።

እናትም ለልጇ የምታወርሰው አለ። በእርግዝና ወቅት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰደች እናት ፀረ እንግዳ አካላቷ ወደ ጽንሱ ይተላለፋሉ፤ እርሷ ብታልፍ እንኳ የልጇን የመጀመሪያ ወራት ይጠብቃሉ። ለኩፍኝም እንዲሁ ነው፤ ሆኖም ይኸው የእናት ጥበቃ የኩፍኝን ክትባት ቫይረስ ሥራውን ሳይጀምር ሊያመክነው ይችላል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እስከ 9 ወር የሚቆየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የእናት ስጦታ ሲያልቅ ክትባቱ ተራውን ይረከባል፤ በመካከል ቀጠሮው ከተዘነጋ ግን ሕፃኑ ጠባቂ የለውም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ15 ወር ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ይሰጣል።

እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ፣ ሕያው ሆኖም የተዳከመ ቫይረስ የያዙ መርፌዎች በአንድ ቀን ሊሰጡ ይችላሉ። በአንድ ቀን ካልተሰጡ ግን ቢያንስ 4 ሳምንት ይራራቃሉ፤ በመጀመሪያው ክትባት የነቃው የአካል መከላከያ ሁለተኛውን ቫይረስ ሳያስተምር ሊገታው ይችላልና።

እንግዲህ የአሳዳጊው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ በመርሐ ግብሩ መሠረት በአንድ ቀን የሚሰጡ ክትባቶች አብረው ተመርምረው የተፈቀዱ ናቸው። የሕፃኑን ኃይል አያሟጥጡም፤ አንዱን መርፌ «ለሌላ ቀን ይቆይ» ማለት ደግሞ ሕፃኑን ያለ ጥበቃ ያሰነብተዋል።

ስለዚህ ውድ አሳዳጊዎች፦
- የቲሙን ስትረከቡ ከልብሱና ከንብረቱ ጋር የክትባት ካርዱን ጠይቁ።
- ካርዱ ከጠፋ ቀድሞ ወደ ተከተበበት ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ሄዳችሁ መዝገቡን አስፈትሹ።
- ቀጠሮ ካለፈ ሳትሸማቀቁ ሂዱ፤ የተጀመረው ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም።
- ሕፃኑ በቅርቡ ሌላ ክትባት ወስዶ ከሆነ ለጤና ባለሙያው ንገሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናችንን በአግባቡ የምንወጣ ያድርገን፤ የቲሞቻችንንም በጤና ያሳድግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።