ዳሌ አይታሽም

ዲፕስሉት ሱቅ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን እዚያ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ፤ ታክሲው፣ ባኪው፣ እግረኛው ሁሉ የሚጋፋው አንድ መንገድ ላይ ነው። መኪና ሰው ሲገጭ የመጀመሪያው ጥያቄ «እግሩ ተሰበረ ወይ?» ነው። ዳሌውን የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዳሌ አንድ አጥንት እንዳይመስላችሁ። ግራና ቀኝ ያሉት አጥንቶች ከኋላ ከጀርባ አጥንት ግርጌ ጋር ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። አንዱ መጋጠሚያ ከፊት፣ ከሽንት ፊኛ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱ ከወገብ በታች ከኋላ። የያዟቸው ጅማቶች በጣም ጠንካራ ናቸው። እነሱ ከተበጠሱ የመታው ኃይል ቀላል አልነበረም ማለት ነው።

የሚያስፈራው ደግሞ ደሙ ነው። ቀለበቱ ሲከፈት በውስጡ ያሉ የደም ሥሮች ይቀደዳሉ፤ ደሙ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይፈሳል። ሰውየው ቁስል ሳይታይበት ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ይጠማዋል። ስለ ወጌሻ ሌላ ጊዜ እንከራከር፤ ዳሌን ማሸትና መጎተት ግን የረጋውን ደም እንደገና ያስነሳል፣ ሊገድልም ይችላል።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? 10177 ወይም ከሞባይል 112 ደውሉ። ሰውየውን አታስነሱት፣ አታገላብጡት። አንሶላ በሰፊው አጥፉና በጉልበቱ ሥር ባለው ክፍተት አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ከዚያ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብዙ ሰው ወገብ ላይ ያስራል፤ ስህተት ነው። ቦታው የሱሪ ኪስ አካባቢ፣ ጭኑ ከጎን ጉብ የሚልበት ጋ ነው። ይህ ተራ አንሶላ የተከፈተውን ቀለበት መልሶ ያጠባል፤ ሆስፒታልም የሚያስሩት ቀበቶ ሥራው ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምናው የክሊኒክ ሥራ አይደለም፤ እንደ ሻርሎት ማክሴኬ ወይም ባራግዋናት ያለ ትልቅ ሆስፒታል ይፈልጋል። «ወረቀት የለውም» ብላችሁ ቤት እንዳታስቀሩት። የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል።

ራጅና ሲቲ ስካን ከተነሳ በኋላ ሐኪሙ «ብረት እናስገባለን» ይላል። ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ደሙ ካልቆመ በጎን አጥንቶቹ ላይ ብሎኖች ተክለው ከሆድ ፊት በዘንግ ያያይዟቸዋል፤ ይህ ከውጭ የሚታይ ነው፣ በኋላም ይወጣል። የፊተኛው መጋጠሚያ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተው አጥንቶቹን ያገናኙና በብረት ሳህንና በብሎን ያስሩታል። የኋለኛው ከተላቀቀ ብዙ ጊዜ ትልቅ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ ራጅ እያዩ በትንሽ ቀዳዳ ከጎን ረጅም ብሎን ያስገባሉ። በአቅራቢያው እግርን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ስላሉ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐኪሙን «ነርቭ ተነክቷል ወይ? ሽንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

የውስጡ ብረት ካላስቸገረ እዚያው ይቀራል። ሴት ልጅ ከሆነች መውለድ አትችልም ማለት አይደለም፤ ስታረግዝ ግን ለአዋላጆቹ ከመጀመሪያው ትንገራቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። እንደ ጉዳቱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በተጎዳው ወገን ሙሉ ክብደት እንዳይጥል፣ በክራንች እንዲሄድ ይነገረዋል። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ መርፌ ያዙለታል፤ «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ እንዳያቋርጠው። ሱቁን በእነዚህ ወራት ማን እንደሚይዝ በጊዜ ተነጋገሩ፤ አንድ ሳጥን ለስላሳ ማንሳትም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይሆንም።